ጠቢብና ጠይብ፤ የሸክላ ሠሪዋ ሙያ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ከሚወጡት መንገዶች ሦስቱን እንመልከት። አንደኛው በሰሜን በኩል የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርድና ወደ ጎጃም ይዘልቃል። ሁለተኛው በምዕራብ ቡራዩንና የገፈርሳን ግድብ አልፎ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ ያመራል። ሦስተኛው በደቡብ ምዕራብ ሰበታን አቋርጦ የጅማን አቅጣጫ ይይዛል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። የዋና ከተማዋ ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ ከተሞች የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ እግረ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥቱን ትቶ የማጀቱን ታሪክ ለሚሻ ሰው እያንዳንዳቸው ከአንድ የሸክላ ዕቃ ዕጣ ጋር ተሳስረው ይገኛሉ፤ ሰበታ ከጋን፣ ቡራዩ ከእንስራ፣ ሱሉልታ ከምጣድ ጋር።

ጋኑንም እንስራውንም ምጣዱንም የሠራችው ሴት ናት። ስሟ በዕቃው ላይ አልተጻፈም፤ በመጽሐፍም አልሰፈረም። ቤቷ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ ወይም ቀጨኔን በመሰለ መንደር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህችን ሴት ሙያ ታሪክ በአጭሩ ተከትሎ፣ ከታሪኩ የሚወጣውን አንድ ጥያቄ ለአንባቢ ለማቅረብ የታሰበ ነው። ይህን ሙያ ለብዙ ትውልድ በጥቂት ወገኖች ቤት ዘግቶ ያቆየው ንቀት ነበር። ልጅ የእናቷን ሙያ የምትይዘው ሌላ በር ስለ ተዘጋባትም ጭምር ነው። ዛሬ ንቀቱ እየላላ፣ በሩም እየተከፈተ ሲሄድ፣ ሙያው ከንቀቱ ጋር አብሮ ይሂድ ወይስ በሌላ ምሰሶ ይቁም?

የሸክላ ሥራ በአገራችን ምን ያህል ሥር እንዳለው ለመረዳት አክሱምን ማስታወስ ይበቃል። በአክሱም ቁፋሮ የወጡት የአገር ቤት ሸክላዎች ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ የተበጁ ናቸው። በዚያው ቁፋሮ ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአቃባ ወደብ፣ በመርከብ የመጡ የወይን ጠጅና የዘይት እንስራዎች ስብርባሪም ተገኝቷል። እነዚህ በመንኮራኩር የተሠሩ ነበሩ። እንግዲህ የአክሱም ሰው የባዕዱን ዕቃ በዓይኑ እያየ፣ በቤቱም እያስቀመጠ፣ የራሷን አገር ሸክላ ሠሪ እጅ አልተወም ማለት ነው። መንኮራኩሩን ያለመያዛችን ነገር በድንቁርና ብቻ የሚተረጎም አይደለም። ለምጣድ ዝርግነት፣ ለጋን ሆድ ስፋት፣ ለማሰሮ ቂጥ ክብነት የእጅ ሥራ ተስማሚ ሆኖ በመገኘቱ ዘመናትን ተሻግሮ ከእኛ ደርሷል።

ሙያው እንዲህ ከብሮ የኖረ ቢሆንም ባለሙያዋ አልከበረችም። ለዚህ ከቋንቋችን የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ እጀ ብልሃተኛ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው ጠይብ የሚለው ቃል ግን በእሳትና በአፈር፣ በብረትና በሸክላ የሚያድረውን ሰው መስደቢያ ሆነ። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ጥበብ ወደ ነውር ተለወጠ። ጠይብ የተባለውን ሰው በቡዳነት መጠርጠር፣ ከእርሱ ጋር ማዕድ አለመቁረስ፣ ልጅ ለልጅ አለመጋባት፣ በብዙ አካባቢም ርስት መንሳት ልማድ ሆኖ ኖረ። ነገሩን የበለጠ የሚያስገርመው ይህን የሚያደርገው ሕዝብ በቅዱስ መጽሐፍ ያደገ መሆኑ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ የፈጣሪን ሥራ እንዲረዳ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንደ ሆነ በምዕራፍ 18 እያነበበ፣ ያንኑ ቤት በመንደሩ ዳር አይቶ ፊቱን የሚያዞር ምእመን ብዙ ነበር። በሸክላዋ የተጋገረውን እንጀራ ይበላል፤ ሠሪዋን ግን ከገበታው አያቀርባትም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ላይ የወረደው መኳንንትና ሠራዊት ብቻ አልነበረም። ከተማ ያለ አንጥረኛ፣ ያለ ሸማኔ፣ ያለ ሸክላ ሠሪ አይቆምምና ባለ እጆች ከየአገሩ ተሰባሰቡ። ቀጨኔ የሸማኔውና የሸክላ ሠሪዋ መንደር ሆና የታወቀችው በዚህ አኳኋን ነው። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ ይመዝዛሉ፤ ትውልዳቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያያይዙም አሉ። መንደሯ ከቤተ መንግሥቱም ከገበያውም ሩቅ አልነበረችም። በአስተያየት ግን በጣም ሩቅ ነበረች።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት ዐዋጅ በዚህ ረገድ ሊታወስ ይገባዋል። ብረት የሚሠራውን በጠይብነቱ፣ የሚሸምነውን በሽመናው፣ የሚጽፈውን በጠንቋይነት መስደብ እንዲቀር፣ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው አገርን ባለሙያ እንደሚያሳጣ ዐዋጁ ይገልጻል። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን የተመለከቱት ከአገር ጥቅም አንጻር ነው፤ ማረሻ የሚሠራ እስኪታጣ ድረስ ስድብ እንዳይበዛ ሰግተዋል። ዐዋጅ ግን አፍን እንጂ ልብን ቶሎ አይገዛም። ከ67 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲደረግ፣ በሙያው ምክንያት ርስት ተነሥቶ የኖረ ባለ እጅ እንደ ማንኛውም ሰው መሬት የማግኘት መብት በሕግ ተሰጠው። በ1960ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህም የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። የመጀመሪያው ዐዋጅ ስድብን ከለከለ፤ የኋለኛው መሬትን ፈቀደ። ሁለቱም ተገቢ ነበሩ። ሁለቱም ግን ሙያው ራሱ እንዴት ይማራል፣ እንዴትስ ይተላለፋል የሚለውን አልነኩም።

ስለዚህ ወደ ትምህርቱ እንለፍ። የሸክላ ሠሪዋ ትምህርት ቤት ግቢዋ ነው። ሰሌዳው መሬት፣ ጠመኔው ጭቃ ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያም ይርሳል። በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ የተሰባበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ደቅቆ ይጨመርበታል። ሸክላ ሠሪ ገል አያጣም የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የባለሙያዋን ድኽነት ለማመልከት ነው። ማጀቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ገሉ ውድቅ ሳይሆን የሚቀጥለው ዕቃ አጥንት ነው። አሮጌው ማሰሮ በአዲሱ ማሰሮ ውስጥ ይኖራል።

ጭቃው ከታሸ በኋላ ሴትዮዋ ተቀምጣ፣ ወይም ዕቃው ትልቅ ከሆነ እርሷ ራሷ እየዞረችው፣ ታበጀዋለች። ሌላው ዓለም መንኮራኩሩን ሲያዞር እርሷ በዕቃው ዙሪያ ትዞራለች። የተድቦለቦለውን ጭቃ በላይ በላይ እየደረበች፣ በውስጥ በመዳፏ እየደገፈች፣ በውጭ እየዳበሰች ታሳድገዋለች። በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች። ቀናት ቆጥራ በጥላ ታደርቀዋለች፤ ፀሐይ ከቸኮለችበት ይሰነጠቃልና። በመጨረሻ በእንጨት፣ በቅጠል፣ በሣርና በኩበት ክምር ውስጥ፣ ያለ ምድጃ፣ በገላጣ ስፍራ ይቃጠላል። ዕቃው ከእሳት እንደ ወጣ፣ ገና እንደ ጋለ፣ በቅጠል ታፍኖ ሲጨስ ጥቁር መልክ ይይዛል። በየቤቱ የምናውቀው የጀበና ጥቁረት ከዚህ የመጣ ነው።

የሙቀት መለኪያ የለም። የእሳቱን ቀለም ዓይን ያየዋል፤ የዕቃውን ብስለት ጆሮ ያውቀዋል፤ በጣት ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ደኅናውን ከተሰነጠቀው ይለያል። ይህን ሁሉ ልጅቱ የምትማረው በቃል አይደለም። በመጀመሪያ ለመጫወቻ ትንንሽ ዕቃ ትሠራለች። ከዚያ ጀበናና ማሰሮ ይፈቀድላታል። ጋንና ምጣድ የሚመጡት እጇ ከጸና በኋላ ነው። ምጣድ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ዝርግ ነገር ነውና። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ዝርግ ሸክላ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ይዞ፣ ሳይጎብጥ ደርቆ፣ ሳይሰነጠቅ ተቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየሳምንቱ እሳት እንዲችል ማድረግ ግን የሙያው ከፍተኛ ፈተና ነው። ቀጭን ከሆነ ይፈነዳል፤ ወፍራም ከሆነ ማገዶ ይበላል፤ ያልተስተካከለ ከሆነ እንጀራው በአንድ ወገን ያራል፣ በሌላው ሊጥ ይሆናል። የፈተናው ውጤት የሚታወቀው በሌላ ሴት ቤት፣ በሌላ ሴት እጅ ነው። ተፈታኟ ግን በዚያ አትገኝም።

የሥነ ጽሑፍ ሰው «መንፈስ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ይወዳል። የሸክላ ሠሪዋ መልስ ከአጠቃቀም የተነሣ ነው። የጀበናው አንገት የረዘመው አተላው ከታች እንዲቀር፣ የእንስራው ከንፈር የተገለበጠው ገመድና እጅ እንዲይዘው፣ የጋኑ ሆድ የሰፋው ጠላው እንዲፈላ ነው። በዚህ ግዴታ መካከል ግን ነጻነት አለ። የአንዷ እናት ጀበና ከጎረቤቷ ጀበና በአንገቱ አወጣጥ፣ በእጀታው መታጠፍ ይለያል። ገበያተኛዋ ከሩቅ አይታ የማን ቤት ሥራ እንደ ሆነ ታውቃለች። ፊርማው አለ ማለት ነው፤ በፊደል አልተጻፈም እንጂ።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ለሰበታ የሰጠነው ዕቃ ጋን ነው። ጋን የሠርግና የተዝካር ዕቃ ነበር። በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾና ብቅል ተጥሎበት፣ የጎረቤት ሁሉ ጉልበት የሚሰበሰብበት ነበር። በሰበታ በ1950ዎቹ ዓመታት የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ሲመሠረት የመጠጥ ጠመቃ በዚያ ስፍራ ከሸክላ ወደ ብረት ተሸጋገረ። ጠላ ዛሬም አልጠፋም። የሚጠመቀው ግን በብዙ ቤት በፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜል አይሰበርም፤ አይተነፍስምም። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው አነጋገር በአፋችን ላይ ቀረ፤ ጋኑን ራሱን ያላየ ልጅ ግን በርክቷል።

ለቡራዩ የሰጠነው እንስራ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ ሲወርድ የከተማው ሕዝብ በመደነቅ ተመለከተው። በ1930ዎቹ ዓመታት ከቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ ሲሠራ ቧንቧው ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥት አጥር ወጥቶ ወደ ሠፈር ወረደ። ይህ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነውና ማንም አይቃወመውም። የልጃገረድን ወገብ ካጎበጠው ሸክም የሚገላግል ነገር ሁሉ የተመሰገነ ነው። ቧንቧ በሌለበትም ቢሆን የዘይት ጀሪካን እንስራውን ተካው፤ ቀላል ነው፣ ከእጅ ቢወድቅም አያስለቅስም። እንስራ በዚህ መንገድ ከጀርባ ወርዶ ወደ ሥዕልና ወደ ሆቴል መግቢያ ገባ።

ሱሉልታ ከምጣድ ጋር የተሳሰረችው በእሳቱ ነው። ከእንጦጦ ማዶና ከጋራው ላይ እንጨትና ኩበት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች የአዲስ አበባን ምድጃ ሲያነዱ ኖረዋል። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ባይኖር ከተማዋ ራሷ በማገዶ እጦት ስፍራዋን በለቀቀች ነበር። የሸክላ ሠሪዋ እሳት ከዚሁ ሸክም የሚገኝ ነው። ሆኖም ጫካው በሚከለልበት፣ የአፈር ጉድጓድና የግጦሽ ሜዳ የነበረው ስፍራ ቤት በሚሠራበት ጊዜ የሙያው ሥር ይነካል። ሸክላ ሠሪ እጇን ይዛ ልትሰደድ ትችላለች፤ አፈሩንና ማገዶውን ግን ተሸክማ አትሄድም።

ከሦስቱ ዕቃዎች ያልተሸነፈው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማው ሲስፋፋ ሸክላው ይቀራል ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ፊት አሁንም በብዙ ቤት ሸክላ ነው፤ በሆዱ በኩል ቦይ ወጥቶለት የሚግለው ሽቦ በውስጡ ይዘረጋል። የሽቦው እሳት ከፋብሪካ ቢመጣም እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በሴቲቱ ጭቃ ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሙያው ከአዲስ ሥራ ጋር ሲገናኝ መሞት ግዴታው አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ ቦይ ያለው ምጣድ እንድትሠራ ማንም ትምህርት ቤት አላስተማራትም፤ ገበያው ጠየቀ፣ እጇ መለሰ።

በትምህርት ቤት በኩል የመጣው መንገድስ? በቡራዩ መንገድ መጨረሻ፣ በነቀምቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ማሞ ተሰማ የዚህ መንገድ ቀዳሚ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ የእጅ ሥራ መምህራን ማሠልጠኛ ተምሮ፣ ከዚያም በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የአልፍሬድ የሴራሚክ ኮሌጅ ሠልጥኖ ተመለሰ። ሠዓሊና ቀራፂ በሚከበርበት ዘመን ሸክላን የዘመናዊ ጥበብ መግለጫ አድርጎ ከያዙት ኢትዮጵያውያን ፊታውራሪ ሲሆን፣ የብሔራዊ ሙዚየም ኃላፊም ሆኖ አገልግሏል። በእርሱ ሕይወት ሁለት ነገሮች ተገናኝተዋል፤ ጭቃን የሚያበጅ እጅና የቀደሙትን እጆች ሥራ የሚጠብቅ ኃላፊነት። ሙዚየም ማለት በአብዛኛው የሸክላ ቤት ነውና። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በኮሌጅ የተማረው ወንድ «አርቲስት» ሲባል፣ በቀጨኔ ግቢ የተማረችው ሴት «ሸክላ ሠሪ» ተብላ ቀረች። ጭቃው አንድ ነው። የተለያየው የምስክር ወረቀቱ ነው።

ሁለቱ መንገዶች መገናኘት እንደሚችሉ የአህጉራችን ታሪክ ያሳያል። በናይጄሪያ፣ ክዋሊ በተባለች መንደር፣ ላዲ ክዋሊ የምትባል ሴት ሸክላን ከአክስቷ በእጅ ተማረች። ሥራዋ በአቡጃ ኤሚር ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሳለ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው አየውና ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ1954 እርሱ ባቋቋመው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። መንኮራኩሩን ተማረች፤ ታላላቆቹን የውኃ እንስራዎች ግን እንደ አክስቷ በእጅ እየዞረች መሥራቷን አላቆመችም። መስተዋታዊ ልባስና ምድጃ ተጨመረበት እንጂ እጁ የቀድሞው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ያረፈችው በ1984 ነው፤ ማሠልጠኛው በስሟ ተጠራ፤ ምስሏም በ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታተመ። አገሯ ለሸክላ ሠሪዋ ያደረገችላት ትልቁ ነገር ስሟን መጥራቷ ነው። ስሟ ከተጠራ በኋላ ልጆች ሊማሩላት መጡ።

የኛ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳየናል። በጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የታወቀች መንደር ነበረች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ባለሙያዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የእጆቹ ጥበብ አብሯቸው ሄደ። ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ተቀብለው ለመንገደኛ የሚሸጡ ምስሎችን መሥራት ቀጠሉ። ሙያ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሊሻገር መቻሉን ይህ ያረጋግጣል። ነገር ግን የተሻገረው ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። እናቲቱ ተቀምጣ ሳለች ከእርሷ መማር ነውር ነበር፤ ስትሄድ ወንበሯን መያዝ ነውር አልሆነም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ሐኪምም፣ መምህርትም፣ ነጋዴም መሆን ትችላለች። ይህ የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን ነገር አይደለም። ማንም ልጅ ለባህል ጥበቃ ሲባል በእናቷ ጭስ ውስጥ ቁጭ በይ አትባልም። ሙያውን ንቀት በግድ ጠብቆት ከነበረ፣ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ፈቃድ መሆን አለበት። ፈቃድ የሚመጣው ደግሞ በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ዋጋ ነው፤ የሳምንት ሥራ ለአንድ የፕላስቲክ ባልዲ በሚከፈለው ገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ምንም ዓይነት ምስጋና ልጅቱን አያስቀምጣትም። ሁለተኛው ስም ነው። እኔ የመድረክ ሰው ነኝ፤ በአንድ ተውኔት ማስታወቂያ ላይ መብራት የያዘው ሰው ሳይቀር ስሙ እንደሚሰፍር ዐውቃለሁ። በሙዚየምና በዐውደ ርእይ የተቀመጠ ሸክላም የመንደሩን ብቻ ሳይሆን የሠሪዋን ስም ሊይዝ ይገባዋል። ሦስተኛው ትምህርት ነው። የሥነ ጥበብ ተማሪ በአልፍሬድ የተማረውን ያህል በቀጨኔ ግቢ ተቀምጦ ቢማር፣ ያቺ እናትም መምህርት ተብላ ደመወዝ ቢከፈላት፣ ጠቢብና ጠይብ የሚሉት ቃላት ወደ ጥንቱ አንድነታቸው በተመለሱ ነበር።

አዲስ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በዚያው ዕለት እንጀራ አያወጣም። የጎመን ዘር ተወቅጦ፣ ፊቱ ታሽቶ፣ እየጋለ እየቀዘቀዘ መሟሸት አለበት። ባለቤቲቱ ትዕግሥት ካጣች ሊጡ ይይዛል፤ ጥፋቱም ወደ ሸክላ ሠሪዋ ይላካል። በ1900 ዓ.ም. የታወጀው አክብሮትም እንደዚሁ ገና አልተሟሸም። የሰበታን ጋንና የቡራዩን እንስራ ለመመለስ ጊዜው አልፏል። በምጣዱ ላይ የምንጋግር እኛ ግን ዛሬም ከገበታው አልተነሣንም፤ ሠሪዋም ገና በሕይወት አለች።